ሳተላይታችንን የወሰደውን ሮኬት በ60 ሴንቲ ሜትር ሠርቶ ማብረር

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ላይ ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለው የቻይና ሮኬት ከታይዩዋን ማስወንጨፊያ ጣቢያ ተነሣ። ዋናው ጭነቱ የቻይናና የብራዚል የጋራ ሳተላይት ነበር፤ ከጎኑ ግን ወደ 70 ኪሎ ግራም የምትመዝን ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ ተሳፍራለች። እንጦጦ ላይ ሲነጋ እኛ በምንኖርበት በቨርጂኒያ ገና የዋዜማው ምሽት ነበር። ልጄን ተኛ ብለውም እምቢ ብሎ አብሮኝ አየ። የሮኬቱ ጭስ ከቴሌቪዥኑ ሳይጠፋ «አባዬ፣ እኛም ይህንኑ እንሥራ» አለኝ። እሺ ያልኩት ነገሩ አንድ ቅዳሜ ብቻ የሚፈጅ መስሎኝ ነው።

የመጀመሪያው ሞዴላችን በመልኩ ቁርጥ እውነተኛውን ነበር። ከማስወንጨፊያው ዘንግ እንደተላቀቀ ሁለት ጊዜ ተገለባብጦ አፍንጫውን ሣሩ ውስጥ ተከለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሁሉንም ነገር እኩል አሳንሼ ነበርና። በልኬት ተሠርቶ እንዲበርር የሚፈለግ ሞዴል በሦስት ነገር መዋሸት አለበት፦ በሞተሩ፣ በክብደቱና በክንፉ። በቀረው ሁሉ ታማኝ መሆን ይችላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁለተኛውን፣ የበረረውን፣ እንዴት እንደሠራን ነው።

መጀመሪያ ሞተሩ

ከባዶ እንሠራለን ስል ከሞተሩ በስተቀር ማለቴ ነው። ሞተር በቤት ውስጥ አይሠራም። የክብሪት ራስ ፍቆ፣ ባሩድ ቀምሞ፣ ብረት ቱቦ ውስጥ ጠቅጥቆ መሞከር ጣት ያስቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ ወጣቶች በዚህ መንገድ ብዙ ተጎድተዋል። መፍትሔውን ያመጣው በኔብራስካ ክፍለ ግዛት ጫማ የሚሸጥና ርችት የሚያውቅ ኦርቪል ካርላይል የተባለ ሰው ነው። በካርቶን ቱቦ የተሞላ፣ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ የሚጣል ትንሽ ሞተር ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ሃሪ ስታይን ከተባለ የሮኬት ባለሙያ ጋር ተገናኝቶ ነገሩ ሊስፋፋ ቻለ። ዛሬ በመጫወቻና በሞዴል መደብሮች የሚሸጡት ሞተሮች የዚያ ልጆች ናቸው።

ለዚህ ሞዴል የሚያስፈልገው «ዲ12-5» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። ፊደሉ የሞተሩን ጠቅላላ ጉልበት ይነግራል፤ ዲ ማለት ከ10 እስከ 20 ኒውተን ሰከንድ ነው፤ ከአንዱ ፊደል ወደሚቀጥለው ስታልፉ ጣሪያው እጥፍ ይሆናል። 12 አማካይ ግፊቱ በኒውተን ሲሆን፣ 5 ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱን የሚያስወጣው ትንሽ ፍንዳታ እስኪመጣ የሚያልፈው ሰከንድ ነው። ሞተሩ 24 ሚሊ ሜትር ስፋትና 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው።

አንድ ማሳሰቢያ በዚሁ ላይ። ለአዲስ አበባ ዘመድ ስጦታ ብላችሁ እነዚህን ሞተሮች ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። ከሚፈነዱ ዕቃዎች ስለሚቆጠሩ በመንገደኛ አውሮፕላን በእጅም ሆነ በሻንጣ አይሄዱም። ሞተር በሱቅ በማይገኝበት አገር ያላችሁ አካሉን እንዳለ ሠርታችሁ መደርደሪያ ላይ አቁሙት፤ ልኬቱ ብቻውን የሚያስደስት ሥራ ነው።

ልኩን ከፎቶ ማውጣት

ብዙ ሰው ሙሉ የምህንድስና ንድፍ ካላገኘ መጀመር የማይችል ይመስለዋል። አንድ የታወቀ ልክ ይበቃል። የሎንግ ማርች 4ቢ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ (ደረጃ ማለት ተራ በተራ የሚቃጠል የሮኬቱ ክፍል ነው) ስፋት 3.35 ሜትር ነው፤ ሦስተኛው ደረጃ ወደ 2.9 ሜትር ይጠብባል፤ ጠቅላላ ቁመቱ 45.8 ሜትር ነው። የቀረውን ፎቶ ይነግራችኋል።

ሮኬቱ ማማው አጠገብ ቆሞ ከሩቅና ከጎን የተነሣ ፎቶ ፈልጉ። ከእግሩ ሥር ወደ ላይ የተነሣ ፎቶ ይዋሻል፤ ራሱን ያቀጥነዋል። ውሸቱን የምትይዙት እንዲህ ነው፦ ፎቶው ላይ የመጀመሪያውን ደረጃ ስፋት ታችኛው ጫፍ ላይ ለኩ፤ ከዚያ የሁለተኛውን ደረጃ ስፋት ላይኛው ጫፍ ላይ ለኩ። በእውነቱ እኩል ናቸው። ልዩነቱ ከመቶ ሁለት እጅ ከበለጠ ፎቶውን ጣሉት። ጥሩ ፎቶ ስታገኙ ያንን ስፋት መለኪያ አድርጋችሁ ሁሉንም በእርሱ ለኩ፦ ወፍራሙ የት አበቃ፣ ቀጭኑ የት ጀመረ፣ የአፍንጫው ጉብታ ስንት ስፋት ይረዝማል። እኛ ሦስት ፎቶዎች ለክተን አማካዩን ወሰድን።

አሁን ማሳነሻውን እናስላ። የሞዴሉን ስፋት የሚወስነው ምኞት ሳይሆን እጃችሁ ላይ ያለው ቱቦ ነው። እኛ ያገኘነው በአሜሪካ የቧንቧ ሱቅ አንድ ከሩብ ኢንች የሚባለውን ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ የውጭ ስፋቱ 42.2 ሚሊ ሜትር ነው። በላዩ የምንጠቀልለው ወረቀት በየጎኑ 0.8 ሚሊ ሜትር ሲጨምር 43.8 ይሆናል። 3350ን ለ43.8 ስናካፍል 76.5 እናገኛለን። ከዚህ በኋላ ማንኛውንም የእውነተኛውን ሮኬት ልክ ለ76.5 ታካፍላላችሁ፦ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ አንድ ሚሊ ሜትር ይጎድለዋል፤ ሦስተኛው ደረጃ 38 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የእናንተ ቧንቧ ሌላ ከሆነ ቁጥሩ ይለወጣል እንጂ ስሌቱ ያው ነው።

እዚህ ላይ ክብደትን በዚሁ መንገድ ላሳንስ ብትሉ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። እውነተኛው ሲነሣ 249 ቶን ያህል ይመዝናል። ክብደት የሚያንሰው በቁመት፣ በወርድና በጥልቀት ስለሆነ ለ76.5 ሦስት ጊዜ ይካፈላል፤ ውጤቱ 560 ግራም ገደማ ነው። የእኛ ሞተር ያንን መሸከም አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሸት ክብደቱ ነው፦ ሞዴሉ ሞተሩን ጨምሮ ከ200 ግራም መብለጥ የለበትም። የእውነተኛው ሞተሮች ግፊት ከክብደቱ የሚበልጠው በአንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ሲነሣ ቀስ ብሎ፣ እየተንቀረፈፈ ነው። የእኛ ግን የክብደቱን አምስት እጥፍ ግፊት ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም የሚመራው ኮምፒውተር የለውም፤ ዘንጉን ሲለቅ ክንፎቹ አየሩን የሚይዙበት ፍጥነት ላይ መድረስ አለበት።

አካሉን መጠቅለል

ቡናማ የማሸጊያ ወረቀት፣ ነጭ ኮላ፣ ብሩሽና ትዕግሥት። ቧንቧውን በሻማ ሰም አሹት፤ ይህን ከዘለላችሁ ቱቦው ከቧንቧው ጋር ለዘላለም ይኖራል። እኛ አንዱን እንዲሁ አጥተናል።

ወረቀቱን 82 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ወርዱ ፎቶው የሰጣችሁ የወፍራሙ አካል ቁመት ከሁለት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጋር ይሁን። የመጀመሪያው ዙር ያለ ኮላ ይሂድ። ከዚያ በኋላ ኮላውን በጥቂት ውኃ አቅጥናችሁ እየቀባችሁ፣ በመዳፋችሁ አየሩን ወደ ውጭ እየገፋችሁ ስድስት ጊዜ ያህል ጠቅልሉ። ወረቀቱ ገና ሲጀምር ከተጣመመ ፈታችሁ እንደገና ጀምሩ፤ በሦስተኛው ዙር ላይ የሚስተካከል ጠማማ የለም። አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ፤ ከዚያ እያሽከረከራችሁ አውጡት። ጫፎቹን ለማስተካከል በቀጥታ የተቆረጠ ወረቀት ቱቦው ላይ ጠቅልላችሁ ጠርዙን ተከትላችሁ በስለታም ምላጭ ቁረጡ።

ለሦስተኛው ደረጃ ቀጠን ያለ ቧንቧ በጋዜጣ ወረቀት አወፍራችሁ በላዩ ላይ ተመሳሳይ ቱቦ ሥሩ፤ የመጨረሻው የውጭ ስፋት 38 ሚሊ ሜትር ይምጣ እንጂ መንገዱ ግድ የለም። ሁለቱን ቱቦዎች የሚያገናኘውን ዘቅዛቃ ትከሻ ከወፍራም ወረቀት ቆርጣችሁ ከውስጥ በሁለት የካርቶን ቀለበት ደግፉት። ይህ መጋጠሚያ ተጣብቆ የሚቀር ነው፤ በበረራ የሚከፈተው አፍንጫው ብቻ ነው። ስለዚህ የቀለበቶቹ ቀዳዳ ፓራሹቱን የሚገፋው ጋዝ በሰፊው የሚያልፍበት ይሁን።

አፍንጫውን ከቀላል እንጨት ወይም ከጠጣር ስፖንጅ ቅረጹ። እንጨቱን መብሻ ማሽን ላይ አስራችሁ እያሽከረከራችሁ በብርጭቆ ወረቀት ብታሹት ቅርጹ በሃያ ደቂቃ ይወጣል። ከካርቶን ተቃራኒውን ቅርጽ ቆርጣችሁ በየጊዜው አስጠጉት፤ ዓይን ያሞኛል። ከሥሩ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቱቦው ውስጥ የሚገባ አንገት ይኑረው። ጥብቀቱን የምትለኩት ሮኬቱን በአፍንጫው ይዛችሁ በማንጠልጠል ነው፦ አካሉ መውደቅ የለበትም፤ ትንሽ ሲነቀነቅ ግን መውጣት አለበት።

የሞተሩ ቤትና ክንፎቹ

ሞተሩ ልክ የሚገባበት ትንሽ ቱቦ ሥሩ፤ ከላይኛው ጫፍ ሞተሩ ወደ ውስጥ ሰብሮ እንዳይሄድ ወፍራም የካርቶን ቀለበት አጣብቁ፤ ከታች እንዳይወድቅ የሚይዘው የብረት ሽቦ ማንጠልጠያ ይኑረው። ሁለት የካርቶን ቀለበቶች ይህን ቤት በትልቁ ቱቦ መካከል ያቆሙታል። እነርሱን በኢፖክሲ ማጣበቂያ ለጥፉ፤ የሞተሩ ግፊት በሙሉ የሚያልፈው በእነርሱ ነው።

ክንፎቹ ላይ ቆም እንበል፤ የመጀመሪያው ሞዴላችን የሞተው በዚህ ነውና። እውነተኛው ሮኬት አቅጣጫውን የሚጠብቀው ሞተሮቹን እያወዛወዘ ነው። ሞዴሉ እንደ ቀስት ከኋላው ባለው ላባ ብቻ ነው የሚኖረው። ላባው ትልቅ መሆን አለበት፤ ትልቅ ሲሆን ደግሞ መልኩን ያበላሻል። መፍትሔው ግልጽ ፕላስቲክ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ውፍረት ካለው የማይሰበር ግልጽ ፕላስቲክ አራት ክንፍ ቁረጡ፦ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው ጎን 6 ሴንቲ ሜትር፣ የውጭው ጠርዝ 4፣ ወደ ውጭ የሚዘረጋው 5። ከሦስት ሜትር ርቀት አይታዩም።

ፕላስቲክ በወረቀት ላይ እንዲሁ ቢለጠፍ አይይዝም። ቱቦው ላይ ቀጭን ስንጥቅ አውጡ፤ ክንፉ በስንጥቁ አልፎ ሞተሩ ቤት ድረስ የሚደርስ ምላስ ይኑረው፤ የሚጣበቀውን ክፍል በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፤ ከዚያ ኢፖክሲ። አራቱ በትክክል በ90 ዲግሪ እንዲቆሙ ካርቶን ላይ መስቀል ሥላችሁ በመካከሉ ቱቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ አውጡና እስኪደርቅ እንደ ቅርጽ ማቆያ ተጠቀሙበት።

ሚዛኑ

ማንኛውም ሮኬት ሁለት ነጥቦች አሉት። አንዱ የክብደት ማዕከሉ ነው፤ ማስመሪያ ጠርዝ ላይ አስቀምጣችሁ የሚቆምበት ቦታ። ሁለተኛው የአየር ግፊት ማዕከሉ ነው፤ የሚገፋው ነፋስ ሁሉ ተጠቃልሎ የሚያርፍበት ቦታ። የክብደቱ ማዕከል ከግፊቱ ማዕከል ወደ አፍንጫው በኩል ቢያንስ በአንድ የአካል ስፋት መቅደም አለበት። ይህ ካልሆነ ሮኬቱ ጅራቱን አስቀድሞ መሄድ ይፈልጋል።

በድሮው ልማድ የሮኬቱን ጥላ ከካርቶን ቆርጠው፣ ካርቶኑ የሚመዘንበትን ነጥብ የግፊት ማዕከል አድርገው ይወስዱታል። አይጎዳም፤ ግን ለእንዲህ ያለ ረጅም አካል ከሚገባው በላይ ፈሪ ነው፤ አፍንጫው ውስጥ ለክብደት አላስፈላጊ የእርሳስ ብረት ያስጨምራችኋል። በናሳ ጎዳርድ ማዕከል መሐንዲስ የነበረው ጄምስ ባሮውማን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጣው ስሌት ይሻላል፤ ኦፕንሮኬት የተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራላችኋል። በእኛ ልኮች የግፊት ማዕከሉ ከአፍንጫው ጫፍ 48 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ መጣ። ከዚያ የአካሉን ስፋት፣ 4.4 ሴንቲ ሜትር፣ ስንቀንስ ሮኬቱ ሞተሩ ገብቶበት ከ44 ወዲህ መመዘን አለበት ማለት ነው። የእኛ 40 ላይ ቆመ፤ አፍንጫው ውስጥ የጨመርነው የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ 12 ግራም ብቻ ነው። የእናንተን ራሳችሁ አስሉ፤ የእኔን ቁጥር አትቅዱ።

ስሌቱን ለማያምን ሰው ገመድ አለ። ሞተሩን አስገብታችሁ፣ ፓራሹቱን አጥፋችሁ፣ ሮኬቱን በሚመዘንበት ነጥብ ላይ በሦስት ሜትር ክር እሰሩና ሜዳ ላይ ከራሳችሁ በላይ አሽከርክሩት። አፍንጫውን አስቀድሞ ከዞረ ደኅና ነው።

ፓራሹቱ

ከስስ ላስቲክ ከረጢት ጎን ለጎን 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ ስምንት ማዕዘን ቁረጡ። በየማዕዘኑ ፕላስተር ለጥፋችሁ በላዩ ክር እሰሩ፤ እያንዳንዱ ክር 45 ሴንቲ ሜትር ይርዘም። 200 ግራም የሚመዝነውን ሮኬት በሰከንድ አምስት ሜትር ያህል ያወርደዋል። ማጠንከሪያ ብላችሁ ከዚህ ብታሰፉት ሮኬቱ ጎረቤት ክፍለ ግዛት ይወርዳል። አካሉንና አፍንጫውን የሚያያይዘው የሱሪ ላስቲክ ከ1.2 ሜትር አይነስ፤ አጭር ላስቲክ አፍንጫውን መልሶ አካሉ ላይ ይወረውረዋል። ከፓራሹቱ በታች አራት አምስት እሳት የማይዘው ልዩ ወረቀት ጨምድዳችሁ አስገቡ። ተራ የመጸዳጃ ወረቀት ይነድዳል፤ ፓራሹቱንም ሣሩንም ይዞ።

ቀለም የሚቀባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስንጥቆችን በስቱኮ ሙሉ፣ አሹ፣ ነጭ ቀቡ። ክንፎቹን ከቀለሙ በፊት በወረቀት ፕላስተር ሸፍኗቸው። ባንዲራውንና ከላይ ወደ ታች የሚወርዱትን የቻይና ፊደላት በኮምፒውተር አትማችሁ ለጥፉ። ልጄ የኢትዮጵያን ባንዲራ አፍንጫው ላይ ጨምሯል፤ ፎቶው ላይ የለም ብለውም አልሰማኝም።

ማስወንጨፍ

መሬቱ ከዛፍና ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀ፣ ደረቅ ሣር የሌለበት፣ ለዲ ሞተር በጠባቡ በኩል እንኳ 150 ሜትር የሆነ ሜዳ ይሁን። በአሜሪካ ከ125 ግራም ያልበለጠ ነዳጅ ያለውና ከ1,500 ግራም ያልበለጠ ሮኬት ከፌዴራል አቪዬሽን የተለየ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የከተማና የፓርክ ደንብ ግን ይለያያልና ጠይቁ። በሌላ አገር ያላችሁ ሳትጠይቁ ምንም አታስወንጭፉ።

ዘጠና ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ፣ ከሥሩ እሳቱን የሚመልስ የብረት ሳህን። ከሮኬቱ ጎን፣ በሚመዘንበት ነጥብ አካባቢ፣ ዘንጉ የሚያልፍበት ትንሽ ቱቦ አጣብቁ። ማቀጣጠል በኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ በእጅ የሚለኮስ ክር አይደረግም። ማብሪያው ሲለቀቅ የሚጠፋና ተነቃይ ቁልፍ ያለው ይሁን፤ ቁልፉን የሚይዘው ሮኬቱ አጠገብ የሚሠራው ሰው ራሱ ነው፤ በኪሱ። ሁላችሁም ቢያንስ አምስት ሜትር ራቁ፤ ነፋሱ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ወደ ቤት ሂዱ።

ከአምስት ጀምራችሁ ጮክ ብላችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ካልተቀጣጠለ ቁልፉን ንቀሉና አንድ ሙሉ ደቂቃ ጠብቁ። ያቺ ደቂቃ ለልጅ ረጅም ናት፤ ለአባትም።

ከፍታውን ለማወቅ አንድ ሰው ከማስወንጨፊያው 100 ሜትር ርቆ ይቁም። ፕሮትራክተር ቀጥተኛ ጠርዝ ላይ በዓይኑ አነጣጥሮ ሮኬቱን ይከተል፤ ከመካከሉ የተንጠለጠለው ባለ ክብደት ክር ከ90 የራቀበት ልዩነት የከፍታው ማዕዘን ነው። ልጄ 57 ዲግሪ አነበበ። የ57 ታንጀንት 1.54 ነው፤ በ100 ሲባዛ 154 ሜትር።

ሲወርድ የተቃጠለውን ሞተር አውጡ፤ ላስቲኩ ተለብልቦ እንደሆነ እዩ፤ ክንፎቹን በጣታችሁ ነካክታችሁ መርምሩ። ረጅም ዛፍ ላይ ቢቀር አትውጡ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ከሆነ ጨርሶ አትጠጉ። የእኛ በሦስተኛው በረራ ዋርካ የሚያህል የኦክ ዛፍ ላይ አደረ። በማግስቱ ነፋስ አውርዶልን አገኘነው፤ ከክንፎቹ አንዱ ከሥሩ ተሰንጥቋል። ግልጽ ፕላስቲክ ስለሆነ ስንጥቁም ከሦስት ሜትር አይታይም።